ሚጢጢ አልነቃም አለች

ልጆች፣ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁንም አቁሙ። ይህ ታሪክ ድምፅ ጠፍቶበት ስለነበረ አንድ ቤት ነው።

ናርዶስ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አስተማሪ ነው። ዓይኖቹ አያዩም፤ ጣቶቹና ጆሮዎቹ ግን የማያውቁት ነገር የለም።

አባዬ ሲጽፍ ላፕቶፑ ጮክ ብሎ ያነብለታል። አባዬ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ላፕቶፑም «ጥያቄ አንድ» ይላል።

የላፕቶፑ የራሱ ድምፅ ከተበላሸ ቆይቷል። አሁን ለትንሿ ድምፅ ማጉያ ድምፅ የምትሰጠው ላፕቶፑ ላይ በገመድ የተሰካች፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ ናት። ስሟ ሳውንድ ካርድ ነው። ናርዶስ ግን «ሚጢጢ» ትላታለች።

ሚጢጢ ሥራ ላይ ስትሆን ሰማያዊ መብራቷ ይበራል።

ዛሬ አባዬ ቸኩሏል። ነገ ጠዋት ተማሪዎቹ ይፈተናሉ። ፈተናውን የምታባዛው ጸሐፊ ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት ቢሮዋን ቆልፋ ትሄዳለች።

«ናርዲ፣ የግድግዳው ሰዓት ረጅሙ ቆጣሪ የት ደረሰ?»

«ስድስት ላይ!»

«አሥራ ሁለት ላይ ሳይደርስ መላክ አለብኝ። አለዚያ ልጆቹ ነገ ያለ ፈተና መቀመጣቸው ነው።»

ኳ! ኳ! ኳ! በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ መጥተው ነው። አባዬ ሊከፍትላቸው ሄደ።

ድርግም! መብራት ጠፋ።

ናርዶስ ደነገጠች። መብራት በጠፋ ቁጥር እቤታቸው «ባትሪ ቆጥቡ!» ይባላል። ስለዚህ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ላፕቶፑን እንቅልፍ ወሰደው።

ቦግ! መብራት መጣ። ናርዶስ ክዳኑን መልሳ ከፈተችው፤ ስክሪኑም በራ።

ላፕቶፑ ነቃ። ሚጢጢ ግን አልነቃችም።

አባዬ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠቅ ጠቅ አደረገ። ጭጭ!

«ምነው?» አለ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ! ጭጭ!

«ናርዲ፣ ስክሪኑ በርቷል?»

«በርቷል።»

«ምን ይላል?»

ናርዶስ አፈጠጠች። ስክሪኑ በፊደል ተሞልቷል። እሷ ደግሞ ገና ‹መ› ላይ ናት።

«ብዙ ነገር ይላል፣ አባዬ። አንድ ‹ለ› አለ… ሌላ ‹ለ›ም አለ።»

አባዬ ማየት አይችልም። ናርዶስ ማንበብ አትችልም። ላፕቶፑ ነቃ። ሚጢጢ ግን አልነቃችም።

«እኔ እኮ ነኝ…» ልትል ፈለገች። አፏ እንቢ አላት። ናርዶስም ጭጭ!

አባዬ የድምፅ መጨመሪያውን አዞረ። ጭጭ! ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ ዳሰሰ። ጭጭ!

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ረጅሙ ቆጣሪ ስምንት ላይ ደረሰ።

እትዬ አስካለ ከደጅ ብቅ አሉ። «ምን ሆኑ፣ መምህር?»

«ድምፁ ጠፋብኝ፣ እትዬ። የተጻፈውን ያነቡልኝ ይሆን?»

«እኔ? እኔ በጣቴ የምፈርመው! ይልቅ ጥፊ ያቅምሷት። የእኔ ሬዲዮ ያለ ጥፊ ተናግሮ አያውቅም!»

ጧ! ናርዶስ ሚጢጢን በመዳፏ መታቻት። ጭጭ!

«ይቺስ ከእኔ ሬዲዮ የባሰች ግትር ናት» አሉ እትዬ አስካለ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ረጅሙ ቆጣሪ ዘጠኝን አልፎ ወደ አሥር ተጠጋ።

አባዬ ግንባሩን በእጁ ያዘ። ናርዶስ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«አባዬ…»

«ወዬ።»

«መብራት ሲጠፋ… ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ… እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

አባዬ ቀና አለ። «ዘግተሽው ነበር? እንዲያ በዪኛ! እኔ እኮ ሚጢጢ የተበላሸች መስሎኝ ነበር። ከላፕቶፑ ጋር አብራ ተኝታ፣ እሱ ሲነቃ እሷ ቀርታ ነው! እስቲ መብራቷን እዪልኝ።»

«ጠፍቷል!»

«በይ ንቀያት። ትንሽ አቆዪና መልሰሽ ሰኪያት።»

ናርዶስ ነቀለቻት። «አንድሁለትሦስትአራትአምስት!» ብላ ወዲያው ሰካቻት።

ሰማያዊው መብራት ብልጭ አለና ድርግም! ጭጭ!

«ቸኮልሽ። ቀስ ብለሽ ቁጠሪ እንጂ» አለ አባዬ።

«አልችልም! ቆጣሪው አሥር ላይ ደረሰ! አፌ ይሮጥብኛል!» ናርዶስ እንባዋ መጣ።

አባዬ ወደ እሷ ዞረ። «እንግዲያው መቁጠሩን ተዪው። ማታ ማታ እንደምንለው ‹አባታችን ሆይ› በይ። እሱ ላይ አይሮጥም።»

«ሚጢጢ ጸሎት ትሰማለች?»

«እሷ የምትፈልገው ዕረፍት ነው። ጸሎቱ ለእኛ ነው።»

ናርዶስ ሚጢጢን ነቀለቻት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አንዱን ቃል ሳትጨርስ ወደ ሌላው ሳትሄድ፣ ቀስ ብላ ጸለየች።

እትዬ አስካለም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«አሜን» አሉ ሦስቱም።

ናርዶስ ሚጢጢን ሰካቻት። አንድ ዓይኗን ብቻ ከፈተች።

ቦግ! ሰማያዊ! አልጠፋም!

«በራች! አባዬ፣ በራች!»

የአባዬ ጣቶች ሦስት ቁልፎችን በአንዴ ተጫኑ።

«ጥያቄ አሥር» አለ ላፕቶፑ።

«እልልልልል!» አሉ እትዬ አስካለ።

«ቀስ፣ እትዬ! አልሰማም እኮ!» አለ አባዬ እየሳቀ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ! ረጅሙ ቆጣሪ አሥራ አንድን አለፈ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ! አሥራ ሁለት አጠገብ ደረሰ።

ጠቅ!

«ተልኳል» አለ ላፕቶፑ።

ወዲያው ስልክ ጮኸ። ጸሐፊዋ ናት። «መምህር፣ ደረሰኝ! ቁልፉን ይዤ ልወጣ ቆሜ ነበር እኮ!»

አባዬ ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ተንፍሶ «ተመስገን» አለ። እትዬ አስካለም ናርዶስን ጉንጯን ሳሟት።

ማታ ናርዶስ አልጋዋ ውስጥ ገባች። አባዬም አጠገቧ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ቀድሜ ብነግርህ ትቆጣኝ ነበር?»

«ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ለምን እቆጣለሁ! አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ እስከ አሁን ያንን ገመድ እዳብስ ነበር።»

ናርዶስ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ አዛጋች። ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ተሰማ።

አባዬ በመዳፉ ብርድ ልብሱን ዳሰሰ። ሁለት ትንንሽ እግሮች ወጥተው አገኘ፤ ቀስ አድርጎም ሸፈናቸው።