አክስት የላከችው ዘይት

«ቁልፉ ይኸው።»

የጋራዡ አዛውንት መካኒክ ጋሽ ብሎን ወረወረለት። ጉጠት በአንድ እጁ ቀለበው።

«ለሙከራ ነው የምትወጣው፣ አይደል?»

«ለሙከራ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ስጦታ አስገብቼልሃለሁ። ስትነዳው ይገባሃል።»

ጉጠት ፈገግ አለ። ፈገግ ሲል መንጋጋው አመመው። በሐሰት ስም የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚደክመው እዚያ ጋ ነው።

ጉጠት የስለላ ስሙ ነው። ጋራዡ ውስጥ «አዲሱ» ይሉታል፤ ከሱ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ ሸብተው እንኳ እሱ «አዲሱ» እንደሆነ ቀርቷል። የመኪናን ሆድ በማወቅ የሚስተካከለው ሰው በጋራዡ አልነበረም። በአህጉሩም አልነበረም። ሌሎቹን አህጉራት ገና አልጠየቅንም።

ባለቤቱን «ከረሜላ» ይሉታል፤ አፉ ከከረሜላ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። በፊት ለፊት ፈጣን መኪና ይሠራል። በጓሮ የሐሰት የሕፃናት ሽሮፕ ይቀምማል። የቀጠራት ኬሚስት የምትቀምመው መርዝ መሆኑን ስትደርስበት «በቃኝ» አለች። ከረሜላም በሩን ከውጭ ቆለፈባት።

አሁን እሷ መኪናው ውስጥ ነች። በሙከራ ቀን የኋላው ወንበር ይነቀልና ለክብደት ጆንያ ሙሉ አሸዋ ይጫንበታል። ዛሬ አሸዋው ጓሮ ቀርቷል። ሸራው ሥር የተጠቀለለችው እሷ ናት። ድንበሩን ተሻግራ ከመሰከረች ሽሮፑ ከየመደብሩ ይለቀማል። ከተያዘች እሷም አትተርፍም፣ ልጆቹም መጠጣታቸውን ይቀጥላሉ።

በሩ ላይ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ።

«ዛሬ አሸዋው ወፈረ።»

«ዝናብ ጠጥቶ ነው።»

ዘበኛው እጁን ወደ ሸራው ሰደደ።

የጉጠት እግር ነዳጁ ላይ አረፈ።

«አቤት እርጥበቱ» አለና ዘበኛው እጁን በሱሪው ጠረገ። በሩ ተከፈተ።

ከበሩ ሲወጣ መንገዱ እንደ ክርን ይታጠፋል። ጉጠት መሪውን እስከ ጥግ አዞረ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።

ጸጥታ።

የጠረጠረው ያኔ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ይበልጥ ይሮጣል፤ እንዲለያዩ የሚፈቅድላቸው ዲፈረንሻል ነው። ተራው ዲፈረንሻል ቂል ነው፤ አንዱ ጎማ ከተንሸራተተ ጉልበቱን ሁሉ ለሱ አስረክቦ ሌላውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። የዚህ መኪና ግን መንሸራተትን የሚገድብ ነው። ሆዱ ውስጥ የተደራረቡ ሳህኖች እየተፋተጉ ሁለቱን ጎማዎች ያያይዛሉ። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ያጉረመርማሉ። ማጉረምረሙ የሥራቸው ድምፅ ነው።

ትናንት ያጉረመርም ነበር። ዛሬ ዝም ብሏል።

ስልኩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ዲፈረንሻሉን ምን አደረግኸው?»

«ዝም አለልህ አይደል? ስጦታው እሱ ነው። አክስትህ ትናንት ደውላ ‹ማጉረምረሙ ልጄን እንቅልፍ ነሳው› አለችኝ። ዘይቱ ላይ የሚጨመር ማለስለሻም ላከች።»

«ምን ያህል ጨመርክ?»

«‹ጠርሙሱን ሙሉ› ብላለች። እኔስ በዛ ብዬ ነበር። ግን የሰው አክስት እንዴት አድርጌ ላስቀይም?» ጋሽ ብሎን ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግ ሴት ናት። ድምፅዋ ነው ትንሽ ጎርናና የሆነው። ብርድ መትቷት ይሆናል።»

አክስት።

አክስት ሴት አይደለም። የጉጠት አለቃ ነው፣ ጢሙ ወንፊት ያህላል፣ ድምፁን ለማቅጠን ሲሞክር ባዶ በርሜል የተንከባለለ ይመስላል። ጋራዡ ስልክ ላይ ሲደውል «አክስቴ ናት» ይባላል፤ እንዲህ አድርገው ስንት ምስጢር አሳልፈዋል። ጉጠት ሰላይ መሆኑን ከሰው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። መኪናው ዛሬ ማንን እንደሚያወጣ የሚያውቀውም እሱ ነው።

የማለስለሻ ጠብታ ሳህኖቹን ያግባባል። ሙሉ ጠርሙስ ግን መፋተጉን ጨርሶ ያስረሳቸዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው በእርጥብ መንገድ እንዲቀሩ የፈለገ ነው። የድንበሩ ድልድይ ላይ «የኛ ሰዎች ይጠብቁሃል» ያለውም እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ስማኝ። ኮትህን ሳታነሳ በጓሮ ውጣ። እህትህ ጋ ሂድ።»

«ምን ነካህ አንተ? ክሪክ ላይ የቆመ መኪና አለኝ እኮ።»

«ይቁም። ከረሜላ ስለ እኔ ሊጠይቅህ ይመጣል።»

መፍቻ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«እሺ ልጄ» አለ ጋሽ ብሎን። ስልኩ ተዘጋ።

ሸራው ተነቃነቀ። «ምን ሆነ?» አለች ኬሚስቷ።

«በድልድዩ አንሄድም። አክስቴ ሸጠችን።»

«ዘመድ ነዋ» አለች ከሸራው ሥር።

የድንጋይ ካባውን መንገድ ያዘ። ተራራውን ዞሮ ሌላ የድንበር ኬላ ላይ ይጥላል። ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ይወርድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዝናብ ያየ ሰው ካለ ዋናተኛ ነው።

መስታወቱ ውስጥ ሁለት መብራት ታየ።

ከዚያ አራት።

የከረሜላ መኪኖች ናቸው። ሁለቱንም የሠራቸው ጉጠት ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ዳገታማ መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ሰጠ። የውስጠኛው ጎማ ጭቃው ላይ እንደ ወፍጮ ዞረ፤ የውጪው ተኝቷል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ከኋላ ያሉት በሁለቱም ጎማ ጭቃውን ቆንጥጠው መጡ።

«እየቀረቡ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳበ። በጣም ትንሽ፣ ሕፃን ጆሮ የመቆንጠጥ ያህል። የሚሽከረከረው ጎማ ፍሬኑን ሲሸከም ጉልበቱ ወደ ሰነፉ ተሻገረ። መኪናው ተንቀጥቅጦ ወጣ። በየመታጠፊያው እንዲህ፤ ነዳጅ በቀኝ እግር፣ ፍሬን በእጅ፣ መሪው በቀረው እጅና በጉልበቱ። የሚቃጠለው የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናውን ሞላው። ክንዱ ዝሎ የሌላ ሰው መሰለው። የዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አሳዳጅ የኋላ መከላከያውን ነካው።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

ጉጠት ፊቱን አልለወጠም፤ ለደስታ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ከረሜላ መኪኖቹን ሲያሠራ «የኔዎቹን ዲፈረንሻል አጥብቀህ እሰር፤ ነዳጅ ስሰጥም ስለቅም ይያዙ» ብሎት ነበር። «ስትለቅ መያዙ ለጠባብ መንገድ አይሆንም» ቢለው አልሰማም። እንዲያ የታሰረ መኪና ቁልቁል ገብተህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ካልዞርን ብለው ይገግማሉ። አፍንጫው መታጠፉን ትቶ ፊት ለፊት ይሄዳል። የጉጠት መኪና ግን በአክስት ዘይት ሰክሮ ማንንም አያስርም። ቁልቁለት ላይ እንደዚህ የሚታዘዝ ነገር የለም።

እግሩን አነሳ። መሪውን አዞረ። መኪናው ታጠፈ።

ከኋላው ያለውም እግሩን አነሳ። መሪውን አዞረ።

አልታጠፈም።

መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ። ሁለተኛው እሱን ላለመግጨት ሲል መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

ኬላው ጋ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኬሚስቷ ከሸራው ወጥታ ቆመች።

«አብረኸኝ አትሻገርም?»

«ወረቀቴን የሠራልኝ አክስት ነው። ካሳየሁት የት እንዳለሁ ያውቃል።»

«ማን አመጣኝ ልበል?»

«ራስሽ ነሽ የመጣሽው። ሂጂ አሁን፣ ሰልፉ አጭር ነው።»

ሄደች። የኬላው እንጨት ተነስቶ ሲያሳልፋት አየ። ዱካው እንዲጠፋ መኪናውን ገደል ከተተው።

ሽሮፑ ከየመደብሩ መለቀሙን ሬዲዮ አወራ። ከረሜላም ተያዘ፣ አክስትም ተከትሎ ተያዘ። ጋሽ ብሎን እህቱ ጋ ሳይደርስ አልቀረም፤ ሄዶ ማየት ግን ሁለቱንም ያጋልጣል። ያኔ ጉጠት ወደ ስለላው ዋና ቢሮ ደወለ።

«ጉጠት ነኝ። የአክስት ሰው።»

«አክስት ሰዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሮናል» አለ ተረኛው። «ጉጠት የሚባል የለኝም ብሏል። ማን ልበል?»

 

«ተሳስቼ ነው የደወልኩት» አለና ዘጋ።

ከዚያ በኋላ በሌላ ከተማ አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ሹፌር ይፈልግ ነበር። ኃላፊው ወፍራም፣ ሻይ በእጁ የማይጠፋ ሰው ነው።

«መንዳት ትችላለህ?»

«እንደነገሩ።»

«ያንን አውቶቡስ ወደ ኋላ አስገባና ልይህ።»

አውቶቡሱን ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ፣ በአንድ ጣት፣ እያዛጋ ሊያስገባው የሚችለው ሰው ወጥቶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ቆመ። ማርሽ ሳተ። መጨረሻ ላይ መስታወቱን ሆን ብሎ ምሰሶው ላይ አስነካው።

ኃላፊው ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።

«ምንም አይደል» አለው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። «ትለምደዋለህ።»