የዕድላዊት ለቅሶ

ነገሩን ሁሉ ያመጣው የሶዶ ነፋስ ነው።

ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ የተነሳው አውቶቡስ ለምሳ ወላይታ ሶዶ ላይ ቆሞ ነበር። ፀዳለ እጇን ታጥባ ቀና ስትል ነፋሱ ሻሿን ከራሷ ገፎ ወሰደው። ሻሹ እየተንከባለለ ሄዶ ከጎኗ ተቀምጦ ሲመጣ ከነበረው ወጣት እግር ሥር አረፈ። አንስቶ አቧራውን አራገፈና ሊሰጣት ሲዞር ራሷን አየ። ጸጉሯ ገና እንደ ገብስ ቡቃያ ብቅ ማለቱ ነበር።

ወጣቱ ቀስ ብሎ የራሱን ኮፍያ አወለቀ። እሱም ተላጭቶ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ» አላት። «እኔ እናቴን ነው። አንቺስ ማንን ነው?»

ራሷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት፤ በአገሩ ይህን የማያውቅ የለም። የፀዳለን ጸጉር ያረገፈው ግን ወራት ሙሉ በክንዷ ሲገባ የከረመው መድኃኒት ነው። ቀኝ ጡቷንም ሐኪሞች ቆርጠው አውጥተውታል። ይህን ለማታውቀው ሰው፣ ያውም ለወንድ፣ ያውም ምሳ ሊበላ ለተሰለፈ ወንድ እንዴት አድርጋ ትንገረው?

«እህቴን» አለች። ቃሉን ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል ራሷም ደንግጣ ሰማችው።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ዕድላዊት።»

ፀዳለ እህት የላትም።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ አጠረ። ወጣቱ ጉታ ይባላል፤ የጊምቢ ልጅ ነው። አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ተምሮ እዚያው የመስኖ ሥራ ይዟል። «በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሐዘንተኛ አይላጭም አሉኝ። እናቴ ናት አልኳቸውና ተላጨሁ» አላት። አባያ ቡናማ ውሃውን ዘርግቶ በስተግራ ብቅ ሲል ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣

«ሁለት መላጣ አንድ ወንበር ላይ! ረዳቱ የሚያየን እኮ ከእስር ቤት ያመለጥን መስለነው ነው» አላት።

ፀዳለ ሳቀች። የራሷን ሳቅ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

አርባ ምንጭ ገብታ ሲቀላ ሰፈር ስትደርስ አከራይዋ አገኘሽ እልል ብላ ተቀበለቻት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰበሰቡ፣ ተዘመረ፣ ተጸለየ። «አለቀ! ጌታ ጨርሶታል!» አሏት። አባቷ አቶ ዳልጮ፣ የገረሴው ሽማግሌ፣ ከደጋው በጭነት መኪና ወርደው መጡና እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ከጸለዩ በኋላ፣ «ከእንግዲህ የዚያ በሽታ ነገር በቤታችን አይነሳ» ብለው ዘጉት። የሚወዷትን ያህል ነው የዘጉት። ለእሷ ግን የተዘጋው ከውጭ ነበር፤ እሷ ከበሽታው ጋር ውስጥ ቀረች። ጎኗን ውግት ባደረጋት ቁጥር «መጣ» ትላለች። «መጣ» ያለችውን የምትነግረው ሰው የላትም።

ጉታ ብቻ ነበር የሚጠይቃት። እሱም የሚጠይቃት ስለ ዕድላዊት ነው።

ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ታገኘዋለች። ሙዝ ገዝቶ፣ ቦት ጫማው በቦይ ጭቃ ተለውሶ።

«ዕድላዊት ትፈራ ነበር?»

«በጣም። ሆስፒታል ከጎኗ ተኝታ የነበረች አንዲት እናት ነበረች፤ አንድ ጠዋት ስትነቃ የሴትዮዋ አልጋ ተነጥፎ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ የተነጠፈ አልጋ ማየት አትወድም ነበር።»

«ትናደድስ ነበር?»

«እንዴታ! ሰው ‹በርቺ› ባላት ቁጥር ጫማ መወርወር ያምራት ነበር።»

ጉታ ከት ብሎ ሳቀ። «ይህቺን ልጅ ወደድኳት» አለ።  ፀዳለ ዓይኑን ሳታይ አንድ ሙዝ ላጠች።

እንዲህ እያለች ለራሷ ያልነገረችውን ሁሉ ነገረችው። ‹ካንሰር› የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በአፏ ያወጣችው በዚያ ማንጎ ሥር ነው። በዕድላዊት ስም አለቀሰች፤ እሱ የእናቱን እየጨመረ አብሯት አለቀሰ። ጸጉራቸው እኩል በቀለ። እሱ አስተካከለው፤ እሷ ሻሿን ጣለች። ፍቅሩ እንደ ጸጉሩ ነበር፤ ሲያድግ ማን አየው? ሲያዩት ግን አድጓል።

አንድ ቀን ልቧ ደፈረና ጠየቀችው።

«ዕድላዊት ብትድን ኖሮ … ማለቴ፣ አንድ ጡቷ የሌላት፣ በሽታው ይመለስ አይመለስ የማታውቅ ልጅ … የሚያገባት ታገኝ ነበር?»

ጉታ ሐዘኗን የምትቆሰቁስ መሰለው። እጇን ያዘና፣ «የሞተን ሰው ማን ያገባል፣ ፀዲዬ? ተይ፣ ራስሽን አታሠቃዪ» አላት።

ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ፍርዷን ሰማች።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንጎው ሥር አልተቀመጠችም። «ፈተና ላርም ነው» ትላለች። «ራሴን አሞኛል» ትላለች። በጓሮ በር መውጣት ጀመረች።

ጉታ ተጨነቀ። ምን በደልኳት ብሎ ወጣ ወረደ፤ በመጨረሻ ያገኘው መሰለው። ይህን ሁሉ ወር እህቷ ሞታባት፣ አንድ ቀን እንኳ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዶ ለቅሶ አልደረሰም! ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምኑን ወዳጅ ይባላል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀዳለ ልብስ እያጠበች ሳለ አከራይዋ አገኘሽ ከገበያ ገባች።

«ያን ረጅሙን ልጅሽን አየሁት። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ነጠላ ደርቦ ገረሴ ሄደ።»

«የት?»

«ገረሴ። ‹ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ ነው የተቀየመችኝ› አለኝ። የማን ለቅሶ ነው ደግሞ? እኔ ሳልሰማ ማን ሞተ?»

ፀዳለ እጇን ከነአረፋው ይዛ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። የገበያ አይሱዙ ላይ ከጨውና ከበቆሎ ጆንያ መሃል ተቀምጣ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው። ሁሉንም ያውቃል፤ ይሄዳል። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ግን እኔው ልንገረው።

አንድ ነገር ግን አላሰበችም።

ጉታ ግቢው ሲገባ እናቷ በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ቀረባቸውና፣ «ከአርባ ምንጭ ነው የመጣሁት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እናቴ። ልጃችሁን …» ብሎ ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

እናትየዋ ያላቸው ሴት ልጅ አንዲት ናት። እሷም አርባ ምንጭ ናት፤ እሷም ያ በሽታ ነበረባት። ነጠላ ያዘቀዘቀ እንግዳ ከአርባ ምንጭ መጥቶ በር ላይ ሲያለቅስ ሌላ ምን ይሆናል? እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ፤ ጩኸታቸው ከተራራው አስተጋባ። ጎረቤት በየአቅጣጫው መጉረፍ ጀመረ።

ጉታ ምንም አልገረመውም። ዘግይቶ የሚመጣ ለቅሶኛ ሐዘኑን እንደ አዲስ እንደሚቀሰቅሰው ያውቃል። ለቅሶው በጋሞኛ ስለሆነ ከፀዳለ ስም በቀር የገባው የለም፤ እሱንም የቀረቻቸውን ልጅ የሚጠሩ መሰለው። ጥግ ይዞ ተቀመጠና ለእናቱም ለዕድላዊትም አለቀሰ።

ፀዳለ ከመኪናው ወርዳ ቀዬው ጋ ስትደርስ ለቅሶው ደምቆ ነበር። ማን ሞተ ብላ ጆሮዋን ጣለች። የሚጠራው የእሷ ስም ነው።

አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ያ በሽታ አይነሳ ያሉት አባቷ ደረታቸውን እየመቱ በጋሞኛ ያነሱታል። እናቷ መሬት ላይ ተዘርረዋል። «ጡትሽን ሲቆርጡሽ አላለቀስኩልሽም!» ይላሉ በዚያው በጋሞኛ። «ጸጉርሽ ሲረግፍ አላለቀስኩልሽም! እምነት ይጎድላል ብዬ ዝም አልኩሽ! ልጄ፣ ዝም አልኩሽ!»

ፀዳለ ይህን ቃል ስትጠብቅ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባት።

«እማ» አለች ገብታ። «አለሁ።»

ለቅሶው ተቋረጠ። አንዲት አሮጊት «በኢየሱስ ስም!» ብለው እንሰቱ ውስጥ ገቡ። እናቷ ተንፏቀው መጡና ፊቷን ዳሰሱ፣ ክንዷን ዳሰሱ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ባዶው ደረቷ ላይ አኖሩ። እስከዚያ ቀን ነክተውት አያውቁም። እንደገና ለቅሶ ተነሳ፤ ይኼኛው ግን የሚያሳርፍ ለቅሶ ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ ጉታ ዞረ። አማርኛ ሲቸግራቸው ወንዱንና ሴቱን የሚያቀላቅሉት እናቷ፣ «አንተ ልጅ! ልጄን ገደልሽው፣ አሁን ደግሞ ዝም አለሽ!» አሉት።

ፀዳለ እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ከሰፊዎቹ የእንሰት ቅጠሎች ሥር ቆሙ።

«ዕድላዊት የምትባል እህት የለችኝም» አለችው። «የተነጠፈውን አልጋ ያየሁት እኔ ነኝ። ጡቴን የተቆረጥኩት እኔ ነኝ። በየጊዜው አዲስ አበባ እየሄድኩ እመረመራለሁ፤ ሊመለስ ይችላል። አሁን መሄድ ትችላለህ። አልቀየምህም።»

ጉታ ቀኝ ክንዷን አየ። ከወዲያ ማዶ ሰው ይንሾካሾካል።

«ለዚህ ነው» አለ «ሰሌዳው ላይ እስከ ግማሽ ብቻ የምትጽፊው?»

«ክንዴ ሽቅብ አይሄድልኝም።»

«እኔ ደግሞ ቁመትሽ አጥሮ ነው ብዬ!»

ሳቅና እንባ አብረው መጡባት። እሱ ግን አልሳቀም።

«ዋሽተሽኛል። እሱን ቀስ ብዬ እቀየምሻለሁ» አላት። «ያን ቀን የጠየቅሽኝን ግን አሁን ልመልስልሽ?»

«መልስ።»

«ሞታለች ብዬ ሳለቅስላት የዋልኩ ልጅ ናት። ከሞት ወዲያ ምን ያስፈራኛል? አገባታለሁ።»

ግቢ ሲመለሱ ጎረቤት ለለቅሶ ይዞት የመጣው ቆጮና አይብ፣ የገብስ ቂንጬ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ለቅሶ ቤት የገባ እህል ወደመጣበት አይመለስም፤ ተቀምጠው በሉት። እንሰት ውስጥ የተደበቁት አሮጊት ወጥተው፣ «በቁሟ የተለቀሰላት ዕድሜዋ ይረዝማል» ብለው መረቁ። አቶ ዳልጮ ልጃቸውን ብዙ ካዩ በኋላ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብለው ጠየቋት።

«ካንሰሩ ይመለሳል ብለሽ ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ፣ አባ።»

«እኔም» አሉ። ቆጮ ቆርሰው አጎረሷት።

በዓመቱ ባልና ሚስት ሆነው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ሶዶ ላይ ቆመ። ነፋሱም እንደ ልማዱ ነበር፤ የፀዳለን ጸጉር ሙሉውን ፊቷ ላይ በተነው። ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ከዚያው አውቶቡስ የወረደች አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ብቻዋን ቆማለች። ከሻሹ ሥር ጸጉር የለም። አላፊ አግዳሚው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ «አሜን» ትላለች።

ፀዳለ ጠጋ አለቻት።

«እህቴ፣ ሐዘን ነው ሕመም?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት።

«ሕመም» አለች።

ፀዳለ እጇን ያዘቻት። ጉታ ቀድሞ ወደ አውቶቡሱ ገባና ከመስኮቱ ጥግ ተጠግቶ ለሦስት የሚበቃ ቦታ አበጀ።