የግራዝማች ንጉሡ ባርኔጣ

ግራዝማች ንጉሡ ከገደሉ ሥር ሞተው በተገኙበት ቀን አስር አለቃ ፈንታዬ ከመካነ ሰላም በበቅሎ ደረሱ። ድሮ ሆዳቸው ከበቅሎዋ ቀድሞ ይደርስ ነበር ይባላል፤ በዚያ በረሃቡ ዘመን፣ በስድሳ ስድስት ግንቦት ግን ቀበቷቸው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በምስማር ተበስቷል። ያልከሳው ዓይናቸው ብቻ ነው።

የሟቹ ራስ ባርኔጣ የሌለው ገላጣ ነበር። አስር አለቃው የሟቹን የዓይን ቆብ ገለጥ አደረጉ። ብሌኑ እንደ እርጎ ነጥቷል።

«የዓይን ሞራ» አሉ። «ስንት ዓመቱ?»

«ሦስት» አለች የሟቹ ሚስት ይርገዱ፣ ሁለት እጇ በጠፍር እንደታሰረ። ያሳሰራት የሟቹ የወንድም ልጅ ምናለ ነው፤ ገፍታ ጣለቻቸው ብሎ። ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ወህኒ መውረዷ ነው። ግራዝማች ደግሞ ዛሬ የእህል ጉድጓዳቸውን ለረሃብተኛው ሊከፍቱ ቃል ገብተው ነበርና፣ አገሩ ስልቻውን ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።

«ትናንት ቀትር ላይ ነው» አለ ምናለ። «እጃቸውን ይዛ ወደ ገደሉ ስትወስዳቸው በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ከከላላ ገበያ ስመለስ።»

«ራሳቸው ላይ ምን ነበር?»

ምናለ ሬሳውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ምንም። ገላጣ ነበሩ።»

«ማምሻውንስ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኛሁ። የገበያ መንገድ ይገድላል።»

«ዘንድሮ የማይገድል ምን አለ» አሉና ወደ ጭሰኛው ወደ ውበቱ ዞሩ። «አንተ ግራዝማችን ትጠላቸዋለህ አሉኝ።»

«ማን ይወዳቸዋል? ግን ክንዴን ይዩት፤ ዝንብ አይገፋም። ትናንት ማምሻውን ልጄን ቀበርኩ። ይርገዱም ከዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ከኛ አልተለየችም፣ ለቅሶ ቤት ነው ያደረች።»

«ከቀብሩ የቀረ ሰው አለ?»

«ግራዝማች ዓይን የላቸው። ሌላው ምናለ ነው። እንኳን ጎረቤት ጠላትም ለቅሶ ይደርሳል።»

አስር አለቃው ይርገዱን አስከትለው ቤት ገቡ። ግድግዳው ላይ ሰፊ ባርኔጣ ተሰቅሏል።

«የእሳቸው ነው» አለች። «ፀሐይ ሳለ ያለሱ ደጅ አይወጡም፤ ብርሃኑ ይወጋቸዋል። ቀትር ላይ እኔን ከበሬ አይለዩኝም።»

«ሲመሽስ?»

አንገቷን ደፋች። «ሲመሽ ብቻቸውን ወጥተው ጉድጓዳቸውን ዞረው ያያሉ። ለሰው አትንገሪ ይሉኝ ነበር። ዕውር ነው ብሎ ሰው ፊታቸው ሲያማቸው መስማት ይወዱ ነበር።»

«አብሽሪ፣ እህቴ» አሉ።

ሁሉንም ገደሉ አፋፍ አጠገብ፣ ከእህል ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰቡ።

«ሞራ ብሌን ላይ የተጋረደ ጉም ነው» አሉ። «ፀሐይ ሲመታው ጉሙ ራሱ ያበራና ሰውየው ነጭ ብቻ ያያል። ሲመሽ ብሌኑ ይሰፋል፤ በሞራው ዳር አሾልኮ ያያል። እናቴ ቀትር ላይ ከግንድ አትለየኝም ነበር፤ ምሽት ላይ ግን ማኩረፌን ታውቅ ነበር። ባርኔጣው ተሰቅሏል። እንግዲህ ግራዝማች የወጡት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ ይታያቸዋል፤ አይወድቁም። ተገፍተዋል። ይርገዱ ያን ሰዓት ቀብር ላይ ነበረች፤ አገሩም ነበር። የጎደለው አንድ ሰው ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ምናለ ዞረ።

«የገዛ አጎቴን ለምን ብዬ?» አለ ምናለ።

«ቀትር ያልከው፣ ያን ሰዓት እሷ ከእሳቸው ጋር ብቻዋን ስለነበረች ነው። ለምን እንደገደልካቸው ጉድጓዱ ይንገረን። ውበቱ፣ ክፈተው።»

ድንጋዩ ተነሣ። ውስጡ ገለባና አንድ የተቀደደ ጆንያ ብቻ ነበር።

ምናለ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «የመጨረሻውን ጆንያ በበቅሎ ስጭን መጡ» አለ ቀስ ብሎ። «አያዩም ብዬ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ‹ምናለ፣ እህሉን ወዴት ነው?› አሉኝ።»

አስር አለቃው ጠፍሩን ከይርገዱ እጅ ፈትተው በምናለ እጅ አሰሩት። ሕዝቡ ግን እሱንም እሷንም አላየም፤ ስልቻውን እንደያዘ ጉድጓዱን ያያል።

ውበቱ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ተንበርክኮ ከአፈሩ ጋር የቀረውን ማሽላ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ይርገዱ የጠፍሩን ሰምበር አሻሸችና፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኑ ወረደች።