ከመጨረሻው ሰው ኋላ

ማመን አለማመኑ የእናንተ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... ከሁሉም ኋላ።

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ እዚህ ደቡብ ኒውዚላንድ ብርዱ የሚጀምርበት ወር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ጉም ነበር እንጂ ጨለማ አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ የነገርኩት ሰው ሁሉ "ጨለማ አሳስቶህ ይሆናል" ስለሚለኝ ነው።

ደኒደን ከተማ ከገባሁ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ብስክሌት እጠግናለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ እያበላሸሁ ለመድኩት። ወሬ አላበዛም። ለዚህ ይመስለኛል ሰው ጎማ ሊያስጠግን መጥቶ የሆዱን አራግፎ የሚሄደው።

ያን ጊዜ በብስክሌት የወጣነው አምስት ሆነን ነው። ጉዞው የአራት ቀን ነው፤ ከባልክሉታ ተነስተን ወንዙን ይዘን መውረድ፣ የኦዋካን ሸለቆ ማቋረጥ፣ ከዚያ ባሕሩን ዳር ዳሩን ይዘን ፎርትሮዝ መግባት።

መሪያችን ኮሊን ነው፤ ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ። ልጁ አይላ አብራው አለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ፖስታ የሚያድለው ሬዊና አክስቱ ዊኪም አሉ። ዊኪን ሁላችንም "አክስቴ" ነው የምንላት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ዳገት ላይ ግን ማንንም አትጠብቅም።

አይላ ሳንባዋን ታማ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ስድስት ወሯ ነበር። ሐኪሙ ብርድ እንዳይመታት፣ እርጥብ ልብስ ለብሳ እንዳትቆይ አስጠንቅቋል። ስንነሳ እናቷ ለብቻዬ ሳብ አድርጋኝ፣ "አንተ ከኋላ ነህ፤ ከዓይንህ እንዳትርቅ" አለችኝ።

ቃል ገባሁላት።

ከኋላ መሆን ሥራዬ ነው። በኛ ቡድን መሪው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ፣ ቀጥሎት ያለው ሰው እዚያው ይቆማል። ክንዱን ዘርግቶ መንገዱን ያሳያል። "ቋሚ" እንለዋለን። ሌላው ሁሉ ያልፈዋል፤ እሱ ግን ዝናብም ይዝነብ በረዶ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ ንቅንቅ አይልም።

የመጨረሻው ሰው ሲደርስ አንድ ነገር ይላል። "የመጨረሻው እኔ ነኝ።"

ያኔ ቋሚው ክንዱን አውርዶ ይሄዳል። ይህ ሳይባል አይሄድም። ከልማድም አልፎ እንደ መሐላ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት የመጨረሻው ሰው እኔ ነበርኩ። ሬዊ "ጭራው" ይለኛል። "ጭራው፣ ዛሬም በጎቹ ቀደሙህ?" ይለኛል፤ እኔም ሰላምታ ልከውልሃል እለዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ በሳቅ አለፈ።

በሁለተኛው ቀን ሸለቆው ውስጥ ነበርን። ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ መጀመሪያ አጥሩን፣ ከዚያ በጎቹን፣ ከዚያ ከፊቴ ያለችውን አይላን ዋጣት። የኋላ መብራቷ ብቻ እንደ ቀይ ነጥብ ይታየኛል። ከዚያ አንድ ኩርባ ጋ እሱም ጠፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

መንገዱ ዳር አንድ ቋሚ ቆሟል።

ብርቱካናማ የዝናብ ልብስ ለብሷል፤ ቆቡ ፊቱን ሸፍኖታል። ቀኝ ክንዱ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ሬዊ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሦስት ነገር ልክ አልነበረም። በጊዜው አየሁት፤ ያሰብኩበት ግን በኋላ ነው።

እዚያ ቦታ መታጠፊያ የለም። የበሰበሰ የበር እንጨት ብቻ ነው ያለው።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ አልዘነበም... ከእጅጌው ግን ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

ሦስተኛው ብስክሌቱ ነው። አጥሩ ላይ ተደግፏል። ካቴናው ዝጎ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። የሬዊን ካቴና ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት የቀየርኩለት እኔ ራሴ ነኝ።

አፌ ግን ለምዷል። ሳልፈው እጄን አንስቼ፣ "የመጨረሻው እኔ ነኝ" አልኩት።

ክንዱ ቀስ ብሎ ወረደ።

ያን ቀን የምናድርበት የበግ አርቢዎች ቤት ደርሰን ሻይ ስንጠጣ፣ ሬዊን "እዚያ እንጨት ጋ ምን አቆመህ?" አልኩት። አልቆምኩም አለ። የቀለደብኝ መስሎኝ ስለ ልብሱ ነገርኩት፤ ብርቱካናማ ልብስ የለኝም አለ። "ጭራው፣ ጉሙን ሰላም ብለኸው ነው የመጣኸው" ብሎ ሳቀ። አይላም ሳቀች።

ኮሊን አልሳቀም። ሲኒውን አስቀመጠ።

"የተዘረጋው ክንዱ የትኛው ነበር?" አለኝ።

"ቀኙ።"

ሻዩን ሳይጨርስ ወደ መኝታው ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የበግ ፀጉር የሚሸለትበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጎማ ስነፋ ኮሊን መጣ። አጠገቤ የሱፍ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። እኔ እጄን አላቆምኩም፤ ሰው እጅህ ሲሠራ ነው የሚናገረው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ ሸለቆ ሲያልፉ የመጨረሻው ሰው ኮሊን ነበር። ኔቪል የሚባል ጓደኛው እዚያ በር ጋ ቋሚ ሆኖ ቀረ። ያኔ መንገዱ እዚያ ይታጠፍ ነበር። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ መጣ። ኮሊን ደግሞ በእርሻው መሐል አቋራጭ ያውቅ ነበር። ኔቪል በቆመበት በር ሳያልፍ በአቋራጩ ገባ። ማደሪያው እሳት ዳር ደረሰ።

ኔቪል ወደ ቤቱ ታጥፎ የሄደ መሰላቸው። ፍለጋ የወጡት በማግስቱ ነው።

"እንጨቱን ተደግፎ አገኙት" አለኝ ኮሊን። "ክንዱ እንደተዘረጋ ነበር።"

መንገድ ስቶ ነው ተባለ። ኮሊን ዝም አለ። የኔቪል እናት ፎርትሮዝ ይኖራሉ። በየዓመቱ በበራቸው ያልፋል፤ ገብቶ አያውቅም።

ለእናቱ ንገራቸው አልኩት።

"ነገ እዚያ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ዝም በልልኝ።"

ዝም አልኩለት። ጥፋቴ ይህ ነው። መስማት ጥሩ ነገር ነው እያልኩ ኖሬ፣ አንዳንዴ መስማት ብቻውን መደበቅ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ወደ ባሕሩ ወጣን። እንደተለመደው ከኋላዬ ሰው የለም።

እና ከኋላዬ... ሲጥ... ሲጥ... ሲጥ...

ዘይት የጠማው ካቴና ድምፅ ነው። በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። የራሴ መስሎኝ ወርጄ አየሁ። የኔ ዘይቱ ያበራል። ስቆም ድምፁ ይቆማል። ስነዳ ይነዳል።

ዞሬ አላየሁም። "አባታችን ሆይ" ብዬ ጀመርኩ፤ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም።

ምሳ ስንበላ አክስቴ ዊኪ ዳቦዋን ይዛ ትኩር ብላ አየችኝ። እኔን እንኳ አይደለም፤ ከትከሻዬ በላይ።

"ያን ሰው አንተ ነህ ያመጣኸው?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"የቱን ሰው፣ አክስቴ?"

ከውኃ መያዣዋ መዳፏ ላይ አፍስሳ ራሴ ላይ ረጨችኝ። የእሷ ወገኖች፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ከመቃብር ሲወጡ እንደሚያደርጉት። ቀጥላ ማንንም ሳታይ እንዲህ አለች።

"የተወው ሰው ነው ሄዶ በስሙ የሚጠራው። ሌላ ሰው አይጠራለትም።"

ኮሊን ካርታውን ያጥፍ ነበር። ሁለት ጊዜ አጠፈው፣ ሁለት ጊዜ ዘረጋው። አየሁት። አላየኝም።

ሬዊ እንኳ አልቀለደም።

ከምሳ በኋላ ጉሙ ከባሕሩ መጣ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቋሚ የምትሆነው አይላ ነበረች። ቀኙ ወደ ማደሪያችን ይወስዳል። ግራው ጠጠር መንገድ ነው፤ ወርዶ ውኃው ሲሸሽ የሚራቆተው አሸዋ ላይ ያልቃል። ውኃው ሲመለስ ደግሞ እየሮጠ ነው።

ዳገቱ ላይ ዘገየሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

አይላ የለችም።

በእሷ ቦታ ብርቱካናማው ቆሟል። ክንዱ ወደ ግራ ተዘርግቷል። ጠጠሩ ላይ የአንድ ብስክሌት ጎማ መስመር ቁልቁል ይወርዳል... አዲስ ጎማ፣ ጥርሱ ያላለቀ። የአይላ ነው፤ እኔ ነኝ የገጠምኩላት።

ምንም አላልኩትም። ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ከኋላዬ ሲጥ... ሲጥ... አለ።

አሸዋው ላይ ስደርስ ብስክሌቴን ጥዬ ሮጥኩ። መጀመሪያ የኋላ መብራቷን አየሁ። ከዚያ እሷን። ከዳርቻው ሃምሳ እርምጃ ያህል ገብታ ብስክሌቷን ይዛ ቆማለች። ውኃው ጉልበቷ ደርሷል። ቀኝ ክንዷ ወደ ባሕሩ ተዘርግቷል።

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

"አይላ፣ ነይ እንውጣ።"

"አልችልም" አለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። "ሰውዬው እዚህ ቁሚ አለኝ። የመጨረሻው ሳይመጣ እንዳትሄጂ አለኝ።"

"መጣሁ እኮ። የመጨረሻው እኔ ነኝ።"

ቀስ ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ እኔን አልፎ ሄደ።

"አይደለህም" አለች። "ከኋላህ አንድ አለ።"

ክንዷን ያዝኩ። ላወርደው ታገልኩ። የበር እንጨት ይመስል ነበር። ወገቧን ይዤ ልሸከማት ሞከርኩ። አንዲት ስንዝር አልነቃነቅኳትም። ውኃው ወደ ጭኗ ወጣ። ሳለች... ያ የሆስፒታሉ ሳል ተመልሶ መጣ። እናቷ ትዝ አለችኝ። እግዚአብሔርን ለመንኩ፤ ልመናዬ ቃል አልነበረውም።

ያኔ ከዳርቻው የኮሊንን ድምፅ ሰማሁ። ማደሪያው ደርሶ ሁለታችንም ስንዘገይ ተመልሶ ነው።

ልጁን አየ። እኔን አየ። ውኃውን እየሰነጠቀ መጣ።

"አትንካት" አልኩት። "መጀመሪያ ጥራው።"

"ማንን?"

"ታውቀዋለህ።"

ልጁ ፊት ቆሞ አለቀሰ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው። ከዚያ ትቶን ወደ ኋላዬ ሄደ፤ የካቴናው ድምፅ ወደነበረበት፣ ጉሙ ወደ ወፈረበት። ጀርባውን ብቻ አየሁ፤ ከዚያ እሱንም አላየሁም።

"ኔቪል።"

እርምጃው ውኃውን ሲያንቦጫርቅ ሰማሁ።

"ኔቪል... ኮሊን ነኝ። በአቋራጩ ሄጄ ነው። በርዶኝ ነበር። ትቼህ ነው የሄድኩት።"

ባሕሩ ራሱ ዝም ያለ መሰለኝ።

"መጣሁ። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ና፣ እንሂድ።"

የአይላ ክንድ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ተሸክሜያት ወጣሁ። ክብደቷ የልጅ ያህል ነበር።

ሬዊና አክስቴ ዊኪ ብርድ ልብስ ይዘው ደረሱ። አይላን ልብሷን ቀይረን እሳት ዳር አስቀመጥናት። ሐኪም መጥቶ ሳንባዋን አዳመጠ፤ ደህና ናት አለ። ስለ ሰውዬው ስትጠየቅ፣ "ጨዋ ነው፤ ደክሞታል እንጂ" ብቻ አለች።

ኮሊን ከአንድ ሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። ስለዚያ አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

በአራተኛው ቀን አይላ በመኪና ወደ እናቷ ተወሰደች። ኮሊን መምራት አልፈልግም አለ። ሬዊ መራ። ኮሊን ከሁላችንም ኋላ ሆነ።

ፎርትሮዝ መግቢያ ላይ ቋሚ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። ሬዊ ቀድሞ ሄዷል፤ አክስቴ አለፈች። ቆይቶ ኮሊን መጣ።

ቃሉን ጠበቅሁ። አላለውም።

"ገና ነው" አለኝ በዝግታ። "አንድ ይቀራል።"

አለፈኝ። ወደ ኋላው አላየም።

መንገዱ ባዶ ነበር። እኔ ግን ክንዴን አላወረድኩም። ሕጉ ሕግ ነው።

ሲጥ... ሲጥ... ሲጥ...

እየቀረበ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ዝቅ አለ፤ ሰው እግሩን ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እንደሚሆነው። የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሸተተኝ። አጠገቤ ማንም አልነበረም። ብቻ ጆሮዬ ሥር፣ ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ድምፅ...

"የመጨረሻው እኔ ነኝ።"

ክንዴን አወረድኩ። ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ተከተልኩ። እርጥቡ አስፋልት ላይ ሁለት የጎማ መስመር ጎን ለጎን ይሄዳል። ሁለቱም ነጭ አጥር ያለው ቤት በር ላይ አበቁ።

ኮሊን በሩን አንኳኩቶ ቆሟል። ቆቡን በእጁ ይዟል።

አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ከፈቱ። ኮሊን አፉን ሳይከፍት፣ "ቆዩ፣ ርሳችኋል" ብለው ተመልሰው ገቡ።

ሁለት ፎጣ ይዘው ወጡ።

አንዱን ለኮሊን ሰጡት። ሌላውን ከጎኑ ወዳለው ባዶ ቦታ ዘረጉ። ጥቂት ይዘውት ቆዩ... ፈገግ ብለው።

ከዚያ መልሰው ሲስቡት ፎጣው ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።