ያልተቆረጠ ማር

ኤንድሪዩስን የሰደበው ጀርመናዊው ዶክተር ሄልምሪች ነው። ቀኑ ማር የተቆረጠበት ቅዳሜ፣ ቦታው የክሪስቱፓስ ግቢ፣ ጊዜው ምሳ ተበልቶ ቢራው ለሁለተኛ ሲዞር። ምስክር ከተፈለገ መንደሩ በሙሉ እዚያ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ኤንድሪዩስ ደግሞ ከተወጉትም ይብሳል። ልጅ ሳለ በእናቱ ቋንቋ፣ በሊትዌንኛ፣ ስላወራ የገረፈውን ጀርመናዊ አስተማሪ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላ ተቀመጥ ብሎ በአገጩ የጠቆመበትን ቄስ፣ ሁሉንም በየስማቸው ይዟቸዋል። ይሄኛው ግን ከሁሉም ከፋ፤ ኡርቴ ስቃለችና።

ኡርቴ የክሪስቱፓስ ልጅ ናት። የተዋወቁት በንብ ሰበብ ነው። በሰኔ ከኤንድሪዩስ ቀፎ የወጣ መንጋ የነሙናስን ወንዝ ተሻግሮ አባቷ ደጅ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ ሰፈረ። እሱም መንጋውን ተከትሎ እያለከለከ ደረሰ፤ አንድ ዓይኑ ተነድፎ አብጦ ተደፍኗል። በሩን ከፍታ አየችውና ሳቋን በሽርጧ ሸፈነች።

«በአንድ ዓይን ነው እንዴ የመጣኸው?»

«በሁለቱ ብመጣ አንቺን አይቼ መንጋውን እረሳው ነበር» አላት።

ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቅም። ወትሮ አፉ ለምሬት እንጂ ለሌላ አይፈታም።

በሊትዌኒያውያን ዘንድ ንብ አይሸጥም። መንጋ ካንዱ ግቢ ወደ ሌላው ከሄደ ሁለቱ ቤቶች ይዛመዳሉ፤ ማሩንም አብረው ይበላሉ። ስለዚህ ኤንድሪዩስ «ዘመዶቼን ልይ» እያለ መመላለስ ጀመረ። ክሪስቱፓስም፣ ዘመዶችህ ቀፎ ውስጥ ናቸው ወይስ ማድ ቤት፣ እያለ ይተርበዋል። አንድ ቀን ከዛፉ ሥር፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ለማንም ብሎት የማያውቀውን አላት።

«አንቺ ማንም ያልቆረጠሽ ማሬ ነሽ።»

ማሩ በተቆረጠ ማግስት፣ እሁድ፣ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

ዶክተሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሥራው ቃል መልቀም። የሊትዌኒያ ገበሬ አፍ የጥንቱን ቃል አልጣለም ብሎ ከከተማ ወርዶ ክሪስቱፓስ ቤት አረፈ። የህንዱን፣ የግሪኩን፣ የሩሲያውን ቃል ከዚህ አገሩ ቃል ጋር ያስተያይና የሁሉንም አንድ አያት ይፈልጋል። ሰው ከዘመዱ በሚሸሽበት ዘመን ይሄ ለቃል ዘመድ ይፈልጋል፣ ብሎ ሳቀ ክሪስቱፓስ። ኡርቴ ከተማ ተቀጥራ ስለነበር ጀርመንኛ ትችላለች፤ አስተርጓሚው ሆነች።

ኤንድሪዩስን ሰውየው ያቅለሸልሸው ነበር። ከንፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሲጋራ ያኝክና ቡናማ ምራቁን በመሐረብ ይጠርጋል፤ ያንኑ መሐረብ አጥፎ ደረት ኪሱ ይከታል። በዚያች ቅዳሜ ሁሉም በሚበላበት የማር ሳህን ጣቱን ነከረ፣ ላሰው፣ እንደገና ነከረ። ከዚያ ተነስቶ ንግግር ጀመረ፤ ኡርቴም እግር በእግር ተረጎመችለት። እናንተ ማርን ሜዱስ ትላላችሁ፣ አለ፤ ህንዶች ማዱ፣ ሩሲያዎች ምዮድ ይሉታል፤ ግሪኮች ወይናቸውን ሜቱ፣ እኛም የማር ጠጃችንን ሜት እንላለን። ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ እናቲቱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሞታለች፣ መልኳ ግን ልጆቿ ላይ ቀርቷል። ሰዉ ወደደለት። ኤንድሪዩስ እንኳ ለአፍታ ደስ አለው።

ዶክተሩ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እሱ መጣ። በዚያው በላሰው ጣት አገጩን ይዞ ቀና አደረገው፤ እንደ ገበያ ፈረስ ጥርሱን አየ። ከዚያም በተሰባበረ ሊትዌንኛ፣ ከንፈሩን እያረጠበ፣

«አንቺ ማንም ያልቆረጠሽ ማሬ ነሽ» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ቀጥሎ በጀርመንኛ ያለውን ኡርቴ ተረጎመችው።

«በሬው ወርቅ ተሸክሟል፤ መሸከሙን ግን አያውቅም ይላል።»

ብላም ሳቀች።

ኤንድሪዩስ ተነስቶ አገጩን በእጅጌው ፈተገው። የሚያጣብቀው ነገር አልለቅ አለው። ወደ አጥሩ ሲያመራ ኡርቴ ሮጣ ደረሰችበት።

«ለሱ ነገርሽው?»

«ሰዎች ሲዋደዱ ምን ይባባላሉ ብሎ ጠየቀኝ። ካንተ የበለጠ የሚያምር ከማን ሰምቼ?»

«ለሌላ ሰው አላልኩትም። ላንቺ ነው ያልኩት።»

«የህንድ ነገሥታት ቃል ባንተ አፍ አለ ብሎኝ እኮ ነው... አንተ ሁሌ የተናቅኩ ነኝ ትላለህ፤ ይስሙልህ ብዬ ነው።»

«በሬ ሲለኝ መሳቅሽስ?»

«ሁሉም ሲስቅ ደነገጥኩ። አንተ ግን ስድቡን ትይዛለህ፤ እኔ የወደድኩህን አትይዝም።»

እውነቷን መሆኑ ገብቶታል። አሁንም ይወዳታል፤ ያ ነው የባሰው። ይቅር ሊላት አፉን ከፈተ። የመጣለት ግን ያ እርጥብ ከንፈር ነው። የገዛ ቃሉ ሌላ ሰው አኝኮ የመለሰለት ጉርሻ ሆነበት። ነገም እሷን ሲጠራ፣ ከሠርጉም በኋላ ማሬ ሲላት፣ ያ ጣት አብሮ እንደሚመጣ አወቀ።

ኡርቴ እጁን ልትይዝ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ሽማግሌዎቹን ነገ ልጠብቅ? ንገረኝ ኤንድሪዩስ። ዝም ብለህ ከሄድክ ግን አልጠብቅህም፤ አንተም አትመለስ።»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከኋላዋ ዶክተሩ እንደገና ማሩን ሲነክር ታየው።

ኤንድሪዩስ ምራቁን እንትፍ አለ፤ ኮፍያውን ደፋ፤ የአጥሩን በር ከፍቶ በወንዙ መንገድ ሄደ።