የአዳዳ ዓፊያ ክኒኖች

«ኢቲ ሂን ሂሚን» አለች አዳዳ ዓፊያ፣ ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ። እንዳትነግሪያት ማለቷ ነው።

ከውሰር መሀል ላይ ተቀምጣለች። በግራዋ የሰባት ወር እርጉዝ አክስቷ፣ ፊት ለፊቷ ደግሞ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር አትጠገብ። ሲስተር እስክሪብቶዋን ካርዱ ላይ አሳርፋ መልስ ትጠብቃለች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፤ ለደም ማነስ የተሰጣትን ክኒን በየቀኑ ትውጣለች ወይ ነው ያለችው።

አዳዳ በኦሮምኛ የመለሰችው ግን ቀላል አልነበረም። ክኒኖቹን ሁለት ወር ሙሉ አንድም አልዋጠችም። በሻሽ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች።

«አዎ» አለች ከውሰር። «በየቀኑ ትውጣለች።»

ውሸቱ እንዲህ ቀልጥፎ መውጣቱ ለራሷም ገረማት።

ዓፊያ የአባቷ ታናሽ እህት ናት፤ ከውሰር «አዳዳ» የምትላትም ለዚህ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለ መንደር ነው የመጣችው። ያለወትሮው አስተርጓሚ ያስፈለጋት፣ ሁልጊዜ የምታያት ሲስተር ዙቤይዳ ለስልጠና በመሄዷ ነው። ሲስተር አትጠገብ ከጎጃም ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ከኦሮምኛ የያዘችው «አካም ጅርታ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነው። የአዳዳ አማርኛ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ ለመከራከር ካልሆነ በቀር ብዙም አያስኬድም። ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ስለተዘጋ፣ አባቷ ከውሰርን «አብረሻት ሂጂ፣ የምትለውን እየነገርሽላት» ብሎ ላካት። ከውሰርም ደስ ብሏት ነበር የሄደችው። ከአዳዳ ጋር መዋል መቼም አይሰለችም።

ሲስተር የላብራቶሪውን ወረቀት አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«ባለፈው የደሟ መጠን አስር ነበር። አሁን ዘጠኝ ተኩል» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ እየዋጠች እንዴት ይወርዳል? ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። ደሴ ሆስፒታል ልጻፍላትና በደንብ ትመርመር።»

«ደሴ?» አለች አዳዳ። እሷን ቃል ማንም ሊተረጉምላት አላስፈለገም። ፈገግታዋ ጠፋ።

ከውሰር ዝም ብትል አክስቷ ሆዷን ይዛ፣ በሚኒባስ ተንገላታ፣ የሌለባትን በሽታ ፍለጋ ልትሄድ ነው። ብትናገር ደግሞ፣ አምና የትምህርት ቤት ጫማዋን ወንዝ ሲወስድባት «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብላ ከአባቷ ቁጣ ያስጣለቻትን አዳዳን ማጋለጥ ሊሆን ነው። ሲስተር ወረቀቱን መሙላት ጀመረች።

ከውሰር ወደ አክስቷ ዞረች። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አዳዳ፣ ልነግራት ነው» አለቻት። «ተደብቄ አይደለም፤ እያየሽኝ ነው የምነግራት።»

አዳዳ ጣሪያውን አየች፤ የገዛ ሆዷን አየች። ከዚያ በገበያ አማርኛዋ ራሷ ጀመረች።

«ሲስተር። ክኒን እኔ የለም። ሳጥን ውስጥ ነው። ሁሉም።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁሉም?»

«ስልሳ» አለች አዳዳ። ስልሳ ስትል አማርኛዋ ምንም አልተሰናከለም።

ከውሰር ቁጣ ጠብቃ ነበር። ሲስተር ግን አፏን በእጇ ብትይዘውም ሳቋ አመለጣት። አዳዳም እሷን አይታ ሳቀች። ሳቃቸው ከበረደ በኋላ ሲስተር ወንበሯን ወደ አዳዳ አስጠግታ ለምን እንደተወችው ጠየቀች።

አዳዳ ወደ ኦሮምኛዋ ተመለሰች፤ ከውሰርም አንዲት ቃል ሳትዘል አደረሰች። «ጎረቤቷ ‹ያ ክኒን ልጁን እንደ ጥጃ ያሳድገዋል፣ ከዚያ በቢላ ነው የሚያወጡት› ብላታለች። ቢላውን ስለፈራች ነው።»

«መፍራቷ አያስገርምም» አለች ሲስተር። «ግን ንገሪያት፤ ክኒኑ የሚያበዛው ደሟን እንጂ የልጁን ቁመት አይደለም። ስትወልድ ደም መፍሰሱ አይቀርም። ከወዲሁ ደም ያነሳትን እናት ደግሞ ትንሹም ሊጎዳት ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

አዳዳ ይህን ስትሰማ እጇን ሆዷ ላይ አኖረች።

«እንዴት ልዋጠው?» አለች።

ምክሩ ተራ በተራ መጣ። በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ትዋጠው። በሻይ፣ በቡናና በወተት ግን አይሁን፤ ጥቅሙን ይቀንሱታል። ካቅለሸለሻት ከእራት በኋላ ታድርገው። ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ትብላ። ከዚያ ሲስተር «ሰገራዋ ይጠቁራል፤ እንዳትደነግጥ» አለች። ከውሰርን ሼም ያዛት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረጎመችው። አዳዳ ስትመልስ ከውሰር ይባስ ቀላች።

«ምን አለች?» አለች ሲስተር።

«‹እኔ እንደሆን ዞሬ አላየውም› ነው ያለችው።»

ሲስተር እንደገና ሳቀች፤ የደሴውን ወረቀትም ቀደደችው። ክኒኑን እየዋጠች ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳ ደሟ ይታያል፤ ያኔም ካልጨመረ ነው ሌላ ምርመራ። «እስከዚያው ምልክቶቹን ንገሪያት» አለች። «ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ብድግ ስትል ካዞራት፣ ልቧ ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ትምጣ።»

ከውሰር መተርጎም ጀመረችና መሀል ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። ትምህርት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍላቸው ትዝ አላት። ባለፈው ወር በሰልፍ ላይ ዓይኗ ጨልሞባት ጓደኛዋ ላይ ስትደገፍ፣ ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብላ ነበር። በልታ ነበር።

«ቀጥዪ እንጂ» አለች አዳዳ። ከውሰር ቀጠለች።

መጨረሻ ላይ አዳዳ አልጋው ላይ ወጣች። ሲስተር ትንሿን መሣሪያ ሆዷ ላይ ስታደርግ ፈጣን ምት ክፍሉን ሞላው።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች አዳዳ በኦሮምኛ።

«ልብ ነው። የልጅሽ።»

አዳዳ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። «አልሀምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም «ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ነው የሚመስለው» አለች። ከውሰር ይህን ለመተርጎም ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለቱንም ጊዜ በሳቅ አቋረጠችው።

ሲወጡ አዳዳ ወረፋ ከሚጠብቁት ሴቶች አጠገብ ተቀመጠች፤ ወዲያው ስለ ብርቱካኑ ታስረዳቸው ጀመር። ልጁ እንደ ጥጃ እንደማይሆንም፣ ልክ ራሷ እንደደረሰችበት አድርጋ ነገረቻቸው።

«አንድ ነገር ረሳሁ» አለች ከውሰር። «መጣሁ።»

ምንም አልረሳችም። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ ከኋላዋ ዘጋችው። ሲስተር አትጠገብ ቀና አለች።

«አክስትሽ የምትጠይቀው ነገር አላት?»

ከውሰር የአዳዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የሷ አይደለም፣ ሲስተር። የኔ ነው» አለች። «እኔንም ያዞረኛል፤ የወር አበባዬ ዘጠኝ ቀን ይቆያል።»