ትኬት ያልተቆረጠባት ተሳፋሪ

ተስፋሁን ጽጌረዳን መጀመሪያ ያያት ገብርኤል መገንጠያ ላይ፣ የደብተሯን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ነው። እሱ የመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነው፤ ያን ቀን ከወገዳ የሚመጣውን አውቶቡስ ለቁጥጥር ተሳፍሮበታል። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ እየሄደች የምትማር፣ ዓይናቸው የጠፋ አባቷን መሪጌታ ቀለመ ወርቅን የምትጦር ልጅ ናት።

«እዚህ ተቀመጪ» ብሎ ቦታውን ለቀቀላት።

«አንተስ?»

«እኔ መቆም ለምጃለሁ።»

ውሸቱን ነው፤ እስኪደርሱ ወገቡ ተቆረጠ። ግን ልቡ አንዴ ሄዷል፣ ምን ይደረግ...

ከዚያ ወዲያ ረዳቱን «እሷ ላይ ትኬት እንዳትቆርጥ» አለው። ከመገንጠያው ከሷ በቀር የሚሳፈር አልነበረም። የወደዷትን ሴት ማስከፈል በኛ አገር ነውር ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ተዋደዱ። አንድ ቀን «ከተማ ግቢና አብረን እንኑር» ቢላት፣ «አባባን ለማን ጥዬ?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

በኋላ የመጪውን ዓመት የስምሪት እቅድ እንዲያወጣ ታዘዘ፤ የትኛው አውቶቡስ በቀን ስንቴ እንደሚሄድ፣ የት የት እንደሚቆም። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ትኬት ያልተቆረጠበት ፌርማታ ይዘለላል ይላል ደንቡ። ፌርማታዎቹ የተጻፉት በቁጥር ብቻ ነው። እሱም ባዶ የሆነውን ሰባት ቁጥርን፣ የት እንደሆነ ሳያጣራ፣ ሰረዘና አስጸደቀ።

እቅዱ የጀመረው ጽጌረዳ የመጨረሻ ፈተና ባላት ቅዳሜ ነው። ተስፋሁን አውቶቡሱ ውስጥ ነበር። መገንጠያው ሲደርሱ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ መኪናው ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም።

«አቁም እንጂ ጸጋዬ፣ ሰው አለ!»

«ቆሜ ልቀጣ?» አለ ሹፌሩ። «አንተው አይደለህ ያወጣኸው?»

ቢለምነው፣ ቢለምነው አልሆነም። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዶ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ተመለሰ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ከተማ አልገባም ስላልኩህ ነው እንዳይቆምልኝ ያደረግኸው?» አለችው።

«በማርያም አላወቅሁም፣ ጽጌ። ትኬት እንዳይቆረጥብሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ... ፌርማታሽ ባዶ የሆነው ለዚያ ነው።»

ትኩር ብላ አየችው። አመነችው፤ ማመኗ ደግሞ ይበልጥ አንጀቱን በላው።

«አሁን ይታረማል?»

«ጸድቋል። ዓመቱ ሳያልቅ የሚነካው የለም።»

«ፈተናውስ?»

ተስፋሁን ሰዓቱን አየ፤ ፈተናው አልፏል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «እወድሃለሁም። ግን ሁለተኛ እዚህ አትምጣ፣ ተስፍሽ። አንተን ባየሁ ቁጥር ጥሎኝ የሄደውን መኪና ነው የማየው።»

«ጽጌ...»

ከውስጥ አባቷ ጠሯት። «አቤት አባባ» ብላ ገባች። ተስፋሁን እስኪመሽ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ተመልሳ አልወጣችም።